ካሽ ባጠፋም ብሮውዘሬ ለምን ይንቀራፈፋል?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። መዝገበ ቃላቱን፣ የምተረጉመውን ሰነድና ኢሜይሌን በአንድ ጊዜ ከፍቼ ስለምውል፣ ታቦቼ ርዕሳቸው እስከማይነበብ ድረስ ይጨናነቃሉ። ጠዋት ደህና የነበረው ብሮውዘር ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል፤ የጻፍኩት ፊደል እንኳ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም አለው። ወዳጆቼ በመከሩኝ መሠረት በየጠዋቱ ካሽ አጠፋለሁ፤ ይሁንና የባሰበት እንጂ የተሻለው አይመስለኝም። አዲስ ከመግዛቴ በፊት ምን ይመክሩኛል?

አክባሪዎ፣ ተርጓሚው

ውድ ጠያቂያችን፣

የባሰበት የመሰለዎት በከንቱ አይደለም። ብሮውዘሩ ቀደም ሲል ያወረዳቸውን ምስሎችና ኮዶች በካሽ የሚያኖረው ዳግመኛ ከማውረድ ለመዳን ስለሆነ፣ በየጠዋቱ ሲያጠፉት ሁሉንም ከኢንተርኔት እንደ አዲስ እንዲያመጣ ያስገድዱታል። ካሽ ማጥፋት የሚበጀው አንድ ድረ ገጽ ተዛብቶ ሲከፈት ወይም አሮጌ ይዘት አላራግፍ ሲል ነው።

ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት በኋላ መዘግየቱ፣ ይልቁንም ፊደል እየቆየ መውጣቱ፣ ችግሩ ከኢንተርኔቱ ይልቅ ከራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው ከሚይዝበት ሜሞሪ፣ መሆኑን ይጠቁማል። የዛሬ ብሮውዘሮች አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ እንዳይወድቅ፣ የአንዱ ድረ ገጽ ኮድም የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ፣ ገጾችን በየራሳቸው ፕሮሰስ (ለብቻው እንደሚሄድ ፕሮግራም) ነጣጥለው ያስኬዳሉ፤ ክሮምም ይህን መለያየት እ.ኤ.አ. በ2018 ይበልጥ አጥብቆታል። ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ ራም ግን ይበላል። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፉን ከራም እጅግ ወደሚዘገየው ዲስክ ስለሚያዛውር፣ መንቀራፈፉ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመሰረዝዎ በፊት ራሙን የሚበላውን ይለዩ። በክሮምና በኤጅ በዊንዶውስ ላይ ሺፍትን ይዘው ኢስኬፕን ሲጫኑ፣ እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይከፈታል፤ የሜሞሪውን ዓምድ ራስጌ ጠቅ ቢያደርጉ በመጠን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ብዙ ሰው ታቦቹን ብቻ ይጠረጥራል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምመለከተው ኤክስቴንሽኖችን ነው፤ አንዳንዶቹ በሚከፍቱት ገጽ ሁሉ ውስጥ ገብተው ይሠራሉና። በኢንኮግኒቶ (የጎበኙትን ገጽ ታሪክ በማያስቀምጠው) መስኮት ውስጥ ካልፈቀዱላቸው በቀር ስለማይሠሩ፣ ያንኑ ገጽ እዚያ ከፍተው ቢፈጥንልዎ ጥርጣሬዎን ወደነሱ ያዙሩ፤ አንድ በአንድ እያጠፉም ይፈትኑ።

ቀጥሎ በክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ሜሞሪ ሴቨርን ያብሩ። ለጊዜው የማይጠቀሙባቸውን ታቦች ከራም ያወርዳል፤ ሲመለሱባቸውም ገጹ እንደገና ይጫናል። እርስዎ የሚተረጉሙበት ገጽ በዚህ እንዳይነካ፣ እዚያው ባለው ሁልጊዜ ክፍት የሚቆዩ ድረ ገጾች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከሰዓት በኋላ አሁንም የሚጎተት ከሆነ፣ ለሥራዎ 4 ጊጋባይት ያንሳል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ላፕቶፕዎ ተጨማሪ ራም የሚቀበል መሆኑን ያጣሩ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር አይቻልም።