የኋላው በር
ለእህቴ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ሰው ካልሞተ በቀር ሕግ አይሻሻልም ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «እንደዚያስ አይደለም» ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያነበብሽው በኒው ዮርክ ስለ ደረሰው የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ቃጠሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ እሳቱ ተነሳ። ፋብሪካው የሕንፃውን 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ይዞ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል 6ኛው ፎቅ ላይ ቀረ። በ9ኛው ፎቅ በአንደኛው ደረጃ በኩል ያለው በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በሩ የሚቆለፈው ሁሉም በአንድ በኩል ወጥተው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ በችሎት ፊት በዓመት የሚሰረቅበት ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ተጠይቆ፣ ከ25 ዶላር እንደማይበልጥ አመነ። ሁለቱም ባለቤቶች በነፃ ተለቀቁ።

25 ዶላር የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጓጉንቸር ይታየኛል።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ወደ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተላክሁ። ስሙ ይቅር። የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ጆሮ ይደፍናል፤ ቁርጥራጭ ጨርቁ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። የኋላው በር ላይ የአቡጀዲ ጥቅል ተደርድሮበት፣ ከጥቅሉ በላይ ዝገት የበላው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዘበኛውን ብጠይቀው «ጨርቅ እየወጣ አስቸገረ፤ ቁልፉ አለቃ ዘንድ ነው» አለኝ። በእርሳስ «የኋላ በር ተቆልፏል» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ከበሩ አጠገብ የምትሰፋ ልጅ ነበረች፤ ቢበዛ 18 ዓመት ቢሆናት ነው። የአውራ ጣቷ ጥፍር በመርፌ ተበስቶ ጠቁሯል። እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ፣ ቀናም ሳትል፣ «ጋሼ፣ በሩን አዩት?» አለችኝ። «አየሁት» አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስገብቶ ሻይ አዘዘልኝ። ጨዋ ሰው ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት አስከፍተዋለሁ፤ ሪፖርት ላይ አይግባብኝ፤ ቃሌን ተቀበለኝ» አለኝ። ተቀበልኩት። ጉቦ አልሰጠኝም፣ አላስፈራራኝም። ያሰረኝ ይሉኝታ ነው። የሰውን ሻይ ጠጥቼ እንዴት እከሰዋለሁ አልኩ።

በዓመቱ ስመለስ በሩ በብሎኬት ተደፍኖ የግድግዳውን ቀለም ተቀብቷል። ልጅቷ በቦታዋ አልነበረችም። ያን ጊዜ ጻፍኩት፤ ግድግዳ ማስፈረስ ግን ጓጉንቸር ከማስከፈት እጅግ ይከብዳል። እሳት አልተነሳም፣ ማንም አልሞተም። ይህ አጽናንቶኝ አያውቅም። «አየሁት» ስላት የሆነ ነገር አደርጋለሁ ብላ አምናኛለች።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ኒው ዮርክም ውስጥ ከእሳቱ በፊት የጮኹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ክላራ ሌምሊክ የምትባል ወጣት ልብስ ሰፊ በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ተነስታ በዪዲሽ ቋንቋ ሥራ እናቁም አለች፤ 20,000 ያህል ሠራተኞች ተከተሏት። ብዙ ፋብሪካዎች ተስማሙ፤ ትራያንግል ግን የሠራተኛ ማኅበሩን ሳይቀበል ቀረ።

ለሠራተኞች ትሟገት የነበረችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ የቃጠሎው ዕለት እዚያው ሰፈር ሻይ ተጋብዛ ነበር። ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ ሴቶቹ ከመስኮት ሲዘሉ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ የሕግ አውጪዎቹን መሪዎች አል ስሚዝንና ሮበርት ዋግነርን ይዛ በየፋብሪካው ዞረች። አንድ ቦታ የእሳት መውጫ የተባለው ግድግዳ ላይ የተበሳ ጠባብ ቀዳዳ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው በረዶ ወደ ጋገረበት መሰላል ነው። ዋግነርን በዚያ ቀዳዳ አሾለከችው። በጥቂት ዓመታት ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። እሷም እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በካቢኔው የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ይህችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1912 የሴቶችን ሥራ በሳምንት 54 ሰዓት የሚገድበው ሕግ የጣሳ ምግብ ፋብሪካዎችን ሳይጨምር ሲቀርብ ተቀብላዋለች። የሥራ አስኪያጁን ቃል በመቀበሌ እየተጸጸትኩ ይህን ማድነቄ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። እሷ የተቀበለችው ጎደሎም ቢሆን የተጻፈ ሕግ ነው፤ እኔ የተቀበልኩት ሻይ ላይ የተሰጠ ቃል ነው።

የዛሬ ወጣቶች ያያችሁትን በስልክ አንስታችሁ ትለጥፉና በማግስቱ ትረሱታላችሁ፤ ያናድደኛል። ግን እኛ ያን ጊዜ ይሉኝታ ይዞን የዋጥነውን እናንተ ጮክ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ አንቺም ጠየቅሽኝ።

በሚቀጥለው ወር ለልምምድ ፋብሪካ ትገቢያለሽ። የኋላውን በር በእጅሽ ገፍተሽ ሞክሪው። ካልተከፈተ እዚያው ቆመሽ ጻፊ፣ ቀኑንም ጻፊበት፣ አስፈርሚበት። ሻዩን ከዚያ በኋላ ትጠጫለሽ።