የጠፋ ስናፕሾት፦ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል

አንድ የፎቶ ስቱዲዮ ያለው አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። ፎቶዎቹ ያሉት ቢቲአርኤፍኤስ (Btrfs፣ በሊኑክስ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጅ ሥርዓት) በሆነ ዲስክ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሰርግ ፎልደር ተሳስቶ አጠፋ፣ ግን ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ወቅት የነበሩበትን ሁኔታ ይዞ የሚያስቀር ቅጂ) ስላለው አልተጨነቀም። ትናንት ማታ ደግሞ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የሠራው ስክሪፕት ስናፕሾቶቹን በሙሉ ጠራረገበት። ኮምፒውተሩ አሁንም በርቷል።

ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ማሽኑ በርቶ ከሆነ ማንበቡን ተውና ሶኬቱን ንቀል። የምሬን ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ስናፕሾት አጥፋ ስትለው ስሙ ወዲያው ይጠፋል፣ ውስጡ ያለው ግን ወዲያው አይጠፋም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ያለ አንድ አጽጂ ሥራ ከኋላ ሆኖ ቀስ እያለ ያፈርሰዋል፣ ስናፕሾቱ ትልቅ ከሆነ ረጅም ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ሥራው በመሃል ቢቋረጥ ደግሞ ዲስኩ እንደገና ለመጻፍ ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ አጥፍተህ እንደወትሮው ብታስነሳው ራስህ ማጽዳቱን አስቀጠልከው ማለት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ነው። ሪስታርት አድርጌ ነጻ ቦታው እየጨመረ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ አስነሳ። ዲስኩን ማውንት አታድርገው፣ ማለትም ፋይሎቹን ለማየት አትክፈተው። ዲዲ (dd) ወይም ዲዲሬስኪው (ddrescue) በሚባል የመገልበጫ ትዕዛዝ ሙሉውን ወደ ሌላ ትልቅ ዲስክ ገልብጥና ዋናውን ነቅለህ አስቀምጥ። ዋናውና ቅጂው አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ስላላቸው ሁለቱ እንደተሰኩ ማውንት ብታደርግ ከርነሉ ሊያምታታቸው ይችላል። ከዚህ በኋላ የምትነካካው ቅጂውን ብቻ ነው። ቢቲአርኤፍኤስ ቼክ የሚለውን ትዕዛዝ ከሪፔር (ጠግን ከሚለው አማራጭ) ጋር እንዳትሞክር፣ እሱ ይጽፋል፣ የተሰበረ ነገርም የለህም።

አሁን ወደ ፍለጋው። ቢቲአርኤፍኤስ በነበረው ላይ አይደርብም፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ይጽፋል፣ ስለዚህ የድሮው ሥር (የፋይሎቹ ማውጫ የሚጀምርበት ቦታ) ሌላ ነገር እስኪያርፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ቢቲአርኤፍኤስ-ፋይንድ-ሩት የሚባለው ትዕዛዝ እነዚህን የድሮ ሥሮች ከነአድራሻቸውና ከነጄኔሬሽን ቁጥራቸው ይዘረዝርልሃል። ቁጥሩ የሚጨምረው ለውጥ ዲስክ ላይ በተመዘገበ ቁጥር ነው፣ ይህም ካልቀየርከው በየ30 ሰከንዱ ነው። እየተጻፈበት የቆየ ዲስክ ከሆነ በሰዓት 120 ገደማ ብለህ ወደ ኋላ ቁጠር። ልክ ስክሪፕቱ ከመነሳቱ በፊት ያለውን ሥር ነው የምትፈልገው፣ ካልሆነ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ሞክር።

አድራሻውን ስታገኝ ቢቲአርኤፍኤስ ሪስቶር በሚለው ትዕዛዝ ላይ በዳሽ ትንሹ ቲ (-t) ስጠው። ዳሽ ትንሹ ኤስ አትርሳ፣ ትዕዛዙ ካላዘዝከው ስናፕሾቶችን ዘሎ ነው የሚሄድ፣ ብዙ ሰው ባዶ ነው ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ በዳሽ ትልቁ ዲ ሞክረው፣ ምንም ሳይገለብጥ የሚያገኘውን ያሳይሃል። የሰርጉን ፎልደር ስም ካየህ ወደ ሦስተኛ ዲስክ አውጣው።

አንድ ነገር ልደብቅህ አልችልም። ዲስክህ ኤስኤስዲ ከሆነ ዕድሉ ይጠባል። ከከርነል 6.2 ጀምሮ ዲስኩ የሚደግፈው ከሆነ የተለቀቀው ቦታ ሳታዝዘው ትሪም ይደረጋል (ዲስኩ ቦታው አያስፈልግም፣ አጽዳው ይባላል)፣ ትሪም የተደረገ ቦታ ላይ ደግሞ ሥሩ ቢገኝም ቅርንጫፎቹ ባዶ ሆነው ነው የምታገኛቸው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ተስፋህ ጥሩ ነው።

ፎቶዎቹ ሲወጡ በስምና በመጠን ብቻ አትመን። እያንዳንዱን በሙሉ መጠኑ ከፍተህ እየው፣ ስሙ ትክክል ሆኖ ግማሹ የሌላ ፋይል ሊሆን ይችላልና። የተበላሸ ካገኘህ አንድ ጄኔሬሽን ወደ ኋላ ሂድና ያንን ፋይል ብቻ ደግመህ አውጣ።