መርከብ መግዛትና ባሕር ኃይል መገንባት ለየቅል ናቸው

ጥያቄ፦ «ስለ ባሕር በር ብዙ ይወራል። ወደቡ ተገኘ እንበልና፣ ገንዘብ ያለው አገር ስድስት የጦር መርከብ ቢገዛ ባሕር ኃይል አለው ማለት አይደለም? ምኑ ነው የሚከብደው?» — አንባቢ፣ ከአንኮበር

መልስ፦ ግዢው ቀላሉ ክፍል ነው። ታይላንድ በስፔን ያሠራቻትን «ቻክሪ ናሩዌቤት» የተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1997 ተረከበች። በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣ። መርከቧ አብዛኛውን ዕድሜዋን ወደብ ላይ ቆማ አሳለፈች፤ ሃሪየር ጄቶቿም መለዋወጫ አጥተው በ2006 ተሰናበቱ።

አንዲት መርከብ ሁልጊዜ ባሕር ላይ እንድትገኝ ሦስት ያስፈልጋሉ፦ አንዷ ትሰማራለች፣ አንዷ ትጠገናለች፣ አንዷ ሠራተኞቿን ታሠለጥናለች። ስድስት የገዛ ሁለት አለው ማለት ነው።

ጥገናው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ አገር የሚወድቀው እዚህ ነው። የመርከቧ ብረትና የነሐስ ፕሮፔለሯ በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፣ ብረቱም ይበላል። ስለዚህ በፕሮፔለሩ አካባቢ የዚንክ ቁራጮች ይበየዳሉ ወይም በቡሎን ይታሰራሉ፤ ከብረቱ ቀድመው ይበላሉ። እርስዎ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ ቶሎ የማይዝገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚንክ የተለበጠ ነው። ቁራጩ ግማሽ ሲደርስ ይለወጣል። ያልሠለጠነ ሠራተኛ ግን መርከቧን ሲቀባ ዚንኩንም አብሮ ይቀባዋል፤ ያን ጊዜ ውሃ ስለማይነካው ሥራውን ያቆማል፣ ዝገቱም ወደ መርከቧ ይዞራል። ይህንን በወጉ ለመሥራት ውሃው ተመጥጦ የሚደርቅ የጥገና ገንዳ፣ ማለትም ድራይ ዶክ ያስፈልጋል። የራሱ የሌለው አገር የሌላውን ደጅ ይጠናል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ያ ደጅ ሊዘጋበት ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው የሰው ጉዳይ ነው። የመርከብ አዛዥ ለማፍራት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ባሕር ኃይላችን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመሠረት የኖርዌይ መኮንኖች በማሠልጠን አግዘውታል። ምጽዋ በ1990 ከእጅ ወጣች፤ ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ኃይሉም በ1996 ፈረሰ። ብረቱ ይተካል፤ አንጋፋው ለጀማሪው እጁን ይዞ የሚያሳየው ሙያ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ተቋረጠ።

ስለዚህ ወደብ እስኪገኝ መጠበቅ ስሕተት ይመስለናል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሠልጥነው በንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች አሉን፤ ሞተሩንም ዝገቱንም ያውቁታል። የሚጎድላቸው የጦር መሣሪያው፣ ራዳሩና የተመታች መርከብ እሳት ማጥፋቱ ነው፤ ይህን ለመማር ዛሬውኑ ወዳጅ አገሮች መርከብ ላይ መሳፈር ይቻላል።