ለአምስት ቀን አዲስ አበባ ለምትመጪው እህት፦ ከቦታው በፊት ቀኑን ያዢ

እህቴ፣ በጥር መጨረሻ ከባለቤትሽ ጋር ማክሰኞ ጠዋት ገብታችሁ ቅዳሜ ሌሊት ትበራላችሁ። የሀገር ልብስ፣ በርበሬ፣ ክትፎ፣ አዝማሪና ሙዚየም ትፈልጋላችሁ። ባለቤትሽ ሀገሩን አያውቅም፤ «መርካቶ ብቻ ብንሄድ ሁሉንም አናገኝም ወይ?» ብለሽ በዚህ ቡድን ጠይቀሻል። አታገኙም። ደግሞ አዲስ አበባ ላይ «የት» ከሚለው በፊት «መቼ» ነው የሚጠየቀው፤ አንድ ቀን ያሳሳተ ሰው ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ፣ ልብሱ ሳይሰፋ፣ አዝማሪው ሳይገባ ይመለሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዘንድሮውን የጾም ቀን እዪ። ጾመ ነነዌ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ ያበቃል፣ እንደ ዓመቱ ከጥር 17 ጀምሮ ሊውል ይችላል። ከእሱ ሁለት ሳምንት በኋላ ሁዳዴ ይገባል። ሁዳዴ ውስጥ ከገባችሁ የክትፎውንና የአዝማሪውን ነገር እርሱት። አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ጭፈራውም ይቀዘቅዛል። ከዚያ ውጭ ከሆነ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ለጾም ቁጠሪ።

ማክሰኞ፣ ሻንጣ እንዳስቀመጣችሁ፣ ሽሮ ሜዳ። ድካም ቢኖርም ይህን አታሳድሪው፤ ልክሽን ሰጥተሽ የሚሰፋ ቀሚስ ቀናት ይፈልጋል። ሰፈሩ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ነው (ኤምባሲው አጠገብ ባለቤትሽ ለፎቶ ስልክ እንዳያወጣ)። የሸማኔ ሰፈር ያደረጉት ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው።

ጨርቁን ሳታዪ ዋጋ አትጠይቂ። ወደ ብርሃን አንሺና ክሩን ተመልከቺ፦ የእጅ ፈትል ከሆነ አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል። ድሩ (በቁመት የተዘረጋው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) ብቻ ፈትል የሆነም ብዙ አለ፣ እሱ የተለመደ ነው። ሁለቱም እንደ ፀጉር እኩል ከሆኑ ግን የፋብሪካ ክር ነው፤ ነውር የለውም፣ በፈትል ዋጋ እንዳትገዢው ብቻ። ቀጥሎ ጥለቱን ገልብጪ። የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ቀለሙ ይታያል። ፊቱ አምሮ ጀርባው ነጭ ከሆነ የታተመ ነው፤ እንዲህ ያለው ከውጭ በገፍ ይገባል፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ አይናገርም። ከዚያ ሶፍት በውኃ አርጥበሽ ቀዩንና ጥቁሩን ጥለት ፈተግ ፈተግ አድርጊ። ሶፍቱ ላይ ቀለም ከወጣ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል፣ ተዪው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጫፉን በጣትሽ ፈልቅቀሽ ቁጠሪ። በክብደቱ ወይም በዓይን ከገመትሽ ትታለያለሽ።

ቀሚሱን ስትለኪ ከቀሚሱ ጋር የምትጫሚውን ጫማ አድርጊ፣ አለበለዚያ ወይ ያጥራል ወይ መሬት ይጠርጋል። ቀብድ ግማሽ ይበቃል፤ ደረሰኙ ላይ የጥለቱን ዓይነትና የመረከቢያውን ቀን አስጽፊ። ቀጠሮውን ዓርብ አድርጊው፣ ቅዳሜ አይሁን። ክንዱ ከጠበበ ማስተካከያ አንድ ቀን ያስፈልግሻል። ዋጋ ላይ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብለሽ ጀምሪ፣ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቂ አትክፈዪ። ይህ ቡድን ውስጥ ከሐምሌ 2016 በፊት የተጻፈ ዋጋ ካየሽ አትመኚው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁሉም ነገር ተቀይሯል።

ረቡዕ የበያይነቱ ቀን ነው፣ ይህን እንደ ቅጣት አትዪው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው ትኩስ ተሠርቶ የሚያልቀው በጾም ቀን ነው፤ በፍስክ ቀን የሚቀርበው በያይነቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ወጥ ነው። ከምሳ በፊት ሙዚየም፦ ጊዜ ካጠረ ከብሔራዊ ሙዚየሙ ይልቅ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ምረጡ። ቤቱ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል እንዳለ ይታያል፣ በገናና መሰንቆ የመሳሰሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉበት። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ፓስፖርት ያዙ። ባለቤትሽ ድንቅነሽን ካላየሁ ካለ ብሔራዊ ሙዚየሙ ቅርብ ነው፤ ለሕዝብ የሚታየው ግን ቅጂው መሆኑን ቀድመሽ ንገሪው።

ሐሙስ ጠዋት መርካቶ። እሑድ አብዛኛው ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት በአንዋር መስጊድ ዙሪያ መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግቡ፣ 6 ሰዓት ውጡ። መርካቶ አንድ ገበያ አይደለም፣ ተራ በተራ ነው፤ «መርካቶ ውሰደኝ» ያልሽው ሾፌር የት እንደሚጥልሽ አይታወቅም፣ የተራውን ስም ጥሪ። ለባለቤትሽ የሚጥመው ምን አለሽ ተራ ነው፦ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃና የምጣድ ክዳን ሲሆን ዓይኑ እያየ ነው። ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ግን ይጠይቅ። «ላሳይሽ» ብሎ የሚከተል ደላላ ኮሚሽኑን ከአንቺ ዋጋ ላይ ነው የሚያገኘው፤ «እናውቀዋለን» ብለሽ እለፊ። ቦርሳ በደረት በኩል፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ውጭ። ሰው ሆን ብሎ ሲጋፋሽ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ኪስሽ እዪ።

በርበሬ የተፈጨውን አትግዢ፤ ባዕድ ነገር ቢቀላቀልበት በዓይን አትለዪውም። ዛላውን ግዢና አስለቅመሽ፣ ቅመሙን አስገብተሽ ወፍጮ ቤት አስፈጪ። ፊትሽ ይፈጭ፣ ከሌላ ሰው እህል ጋር እንዳይቀላቀል። ገና እንደተፈጨ ትኩስ ስለሆነ በፌስታል አታፍኚው፣ ሳይቀዘቅዝ ከታሰረ ይሻግታል።

ሐሙስ ማታ ክትፎ፣ ከዚያ አዝማሪ ቤት። ክትፎ ስታዢ ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ እንደሆነ ይጠይቁሻል። ለብለብ የኮሶ ትልን አይገድልም፣ ስለዚህ ለባለቤትሽ የበሰለውን እዘዢለት፤ አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው አብሮት ይመጣልና ምንም አይቀርበትም። ከሁለት አንዳችሁ ሙስሊም ከሆናችሁ የሥጋ ቤቱን ምልክት እዩ፣ መስቀል ወይም ጨረቃ በሩ ላይ ይኖራል።

አዝማሪ ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ባዶ ነው። ካዛንቺስ የሚል የቆየ ምክር ካነበብሽ፣ ሰፈሩ ከ2017 ጀምሮ በብዛት ስለፈረሰ ቤቱ መኖሩን ደውለሽ አጣሪ። መሰንቆ የያዘው ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ባለቤትሽን በግጥም መንካቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ያንቺ ሥራ መተርጎም ብቻ አይደለም፤ «ተቀበል!» ብለሽ ስንኝ ስጪው፣ እሱ እየደገመ ያዜመዋል። ቀልዱ ያለው ወርቁ ላይ ስለሆነ ሰሙን ብቻ ከተረጎምሽለት ባለቤትሽ ሰው ሁሉ ለምን እንደሳቀ አይገባውም። ሽልማት ግንባሩ ላይ ስለሚለጠፍ ዝርዝር ብር ይኑርሽ። ጠጅ በብርሌ ሲመጣ ጣፋጭነቱ ያታልላል።

ዓርብ ፒያሳ። ቶሞካ የተባለው ቡና መጠጫ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ቆሞ ነው የሚጠጣው፣ የተቆላ ቡናም ትይዣለሽ (በዚያው ሳትፈጪ፣ ፍሬውን)። አካባቢው በ2016 ብዙ ስለፈረሰ የድሮ ካርታ አያዋጣም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ምልክት አድርጊው። ከሰዓት ቀሚስሽን ተረከቢ፣ ሱቁ ውስጥ ለብሰሽ እጅሽን ወደ ላይ አንስተሽ ሞክሪ።

ቀጠሮ ስትይዢ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» በዪ፤ ሾፌሩ ጠዋት 2 ሰዓት ካለሽ ትኬትሽ ላይ 8 ተብሎ የሚጻፈው ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ከመዝጋትሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በዪ፦ አሮጌ የሚመስል የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሥዕል ከገዛሽ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ካልያዝሽ ቦሌ ላይ ይወሰዳል። ሻጩ «አዲስ ነው፣ ችግር የለውም» ቢልም አየር ማረፊያ ላይ እሱ አይገኝም፤ ፈቃዱም በሥራ ቀን ብቻ ስለሚሰጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሐሙስ በኋላ አትግዢ።