ሦስት ዶሜይን፣ አንድ ሱቅ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የሶፋ መሸጫዬ ስም ‹ጽጌ› ነው። በላቲን ፊደል ሰው ሁሉ እንደፈለገው ስለሚጽፈው ሦስት ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ) ገዛሁ፤ ሦስቱም ያንኑ ገጽ ያሳያሉ። ጎግል ላይ ግን አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ይመጣል፤ ወደ ላይ የሚወጣ የለም። ተቀጥቼ ነው?»

አልተቀጣህም ወንድሜ። የራስህን ገጽ ሦስት አድራሻ ላይ ስላወጣህ ጎግል አይቀጣህም። ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ሲያይ ዋናውን ራሱ ይመርጣል፤ አንተ ስላልነገርከው ደግሞ ዛሬ የመረጠውን ነገ ሊቀይረው ይችላል። ሌሎች ዌብሳይቶች ሊንክ ሲሰጡህም አንዱ ለዚህ አንዱ ለዚያ ይሰጥና ጎግል ላይ ወደ ላይ የሚያወጣህ ጉልበት ይበተናል።

ስሙን በየአጻጻፉ መግዛትህ ጥሩ ነው፤ ፊደል የሳተ ደንበኛ አይጠፋብህም። ዶሜይን ሲበዛ ደረጃ ይጨምራል ብሎ የሸጠልህ ካለ ግን ሸውዶሃል።

አሁን አንዱን ምረጥ። እኔ ብሆን ታፔላው ላይ ያለውን እይዝ ነበር። ገዢህ ሁሉ እዚሁ አገር ከሆነ ዶት ኢቲም ያዋጣል፣ ጎግል ለኢትዮጵያ እንደሆነ ይገባዋል፤ ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ሶፋ የሚያዝ ካለህ ግን ዶት ኮሙ ይሻልሃል። የቀሩትን ሁለቱን በ301 ሪዳይሬክት፣ ማለትም ጎብኚውን በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ በሚያዞር ትእዛዝ፣ ወደ እሱ አዙራቸው። 302 እንዳታደርገው፣ እሱ «ለጊዜው» ማለት ነው። ሲፓነል (የዌብሳይት ማስተዳደሪያ ገጽ) ካለህ ሪዳይሬክትስ የሚለው ውስጥ ገብተህ ፐርማነንት የሚለውን ትመርጣለህ። የሶፋው ገጽ ወደ ሶፋው ገጽ ይሂድ፤ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ አትወርውረው። ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚያመሰጥር ሰርተፊኬት) ለሚዞሩትም ያስፈልጋል፣ አለዚያ ደንበኛህ ገና ሳይዞር ብራውዘሩ «አደገኛ ነው» ብሎ ያስደነግጠዋል።

ሲያልቅ ስልክህ ላይ ኢንኮግኒቶ (የድሮውን የማያስታውስ የብራውዘር መስኮት) ክፈትና የሚዞሩትን ሁለቱን ዶሜይኖች አንድ በአንድ ጻፋቸው። ላይ ያለው አድራሻ ወደ ዋናው ከተቀየረ ተሳክቷል፤ የጻፍከው ስም እዚያው ተገትሮ ከቀረ ገና ነው። ጎግል ላይ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን ተደናግጠህ መልሰህ እንዳትነካካው።

የሚዞሩትንም በየዓመቱ አድሳቸው። እኔ አንዱን የድሮ ዶሜይኔን «ማን ይፈልገዋል» ብዬ ሳላድሰው ቀረሁ፤ ሌላ ሰው ገዝቶ የቁማር ገጽ አደረገው። ቢዝነስ ካርዴ ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ እሱ ነበር።