ጽዱን አልጠማውም

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «ባለፈው ሐምሌ በአጥሬ ሥር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚያድገውን ጽድ ስድስት ችግኝ ተከልሁ። ጉድጓዱን አጥልቄ ፍግ ሞልቼበታለሁ፤ ክረምቱ ከወጣ ወዲህም በየቀኑ አጠጣለሁ። ሦስቱ ከታች ጀምረው ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ሆኑ። ውኃ ልጨምር?»

አይጨምሩ። እንዲያውም ዛሬውኑ ያቁሙ።

ይህ ጽድ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ተወላጅ ነው፤ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ለወራት ዝናብ ሳያይ መኖር ለምዷል። የእርስዎ ግቢ፣ ከጣና ሐይቅ ቅርብ እንደመሆኑ፣ ጥቁር ዋልካ ሳይሆን አይቀርም። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ጋን ማለት ነው፦ የገባበት ውኃ መውጫ የለውም፣ ፍጉም ያቁረዋል። ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፤ ባለቤቱም ደንግጦ ጀሪካኑን ያነሣል። እኔም በሥራው ጀማሪ ሳለሁ አንድ ረድፍ ሙሉ የጨረስሁት በዚሁ ደግነት ነው።

ለማረጋገጥ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቀው 40 ሴንቲሜትር ይቆፍሩና ውኃ ይሙሉበት። በማግስቱ ውኃው እዚያው ተኝቶ ካገኙት ነገሩ አለቀ። ከዚያ የታመሙትን ልጣጭ በጥፍር ፋቅ ያድርጉ። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ይንቀሉት።

በሕይወት ያሉትን ከነአፈራቸው አውጥተው ከመሬት 30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይትከሉ። የግንዱ እግር፣ ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ፣ ከአፈር በላይ ይታይ። ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ማንጠፍ ብዙዎች የሚመክሩት ነው፤ ዋልካ ላይ ግን የጋኑን ቂጥ ከማሳደግ በቀር ፋይዳ የለውም። ፍጉ ከላይ ይነስነስ፣ ግንዱን ሳይነካ። በበጋ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ከተው ደረቅ ሲሆን ብቻ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ያጠጡ። የሞቱትን የሚተኩት ዝናቡ ሲቀንስ፣ በነሐሴ መጨረሻ ይሁን። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ተራው የፈረንጅ ጽድ በችግኝነቱ ይመሳሰልና በኋላ ጎኑን አስፍቶ መተላለፊያ ያሳጣዎታል።

የዳኑትም ቢሆኑ ከታች የተራቆተው እግራቸው ዳግም አይለብስም፤ ጽድ ከደረቀ እንጨት አያቆጠቁጥም። ከፊታቸው የጥብስ ቅጠል ይትከሉ፤ እሱም እንደ ጽዱ ውኃ የተኛበት መሬት አይወድም፣ ጉብታው ይስማማዋል።