አኔሞኒዬ ለምን ለሁለት አልተከፈለም? ከሐረር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐረር ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የባሕር አኳሪየም (የባሕር እንስሳት የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ) አለህ። በውስጡ አንድ ባብል ቲፕ የተባለ ዝርያ አኔሞኒ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር አበባ የሚመስል ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ እና በክንዶቹ መሐል የሚጠለሉ ሁለት ክላውን ዓሦች ይኖራሉ። አኔሞኒው ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነገር ግን ለመባዛት ገላው ለሁለት አልተከፈለም። ስለዚህ «በምላጭ ለሁለት ልቁረጠው ወይ? ጨው ሲያልቅብኝስ የአፋር ጨው ብጠቀም ምን አለበት?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ይህንኑ ዝርያ ለዓመታት አሳድጌያለሁ፤ ከአንድ አኔሞኒ የተገኙትንም ለብዙ ወዳጆች አካፍያለሁ። ስለዚህ በሁለቱም ላይ ያለኝን ቁርጥ ያለ ሐሳብ ልንገርህ፦ አትቁረጠው፤ የአፋር ጨውም አታስገባ። ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳሃለሁ።

በጨው ልጀምር፤ ቶሎ ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው የገበታ ጨው አብዛኛው አፋር ውስጥ ካለው ከአፍዴራ የሚመጣ ሲሆን አዮዲን ይጨመርበታል። በባሕር ውሃ ውስጥ ከሟሟው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ መሆኑ እውነት ነው። አኔሞኒ ግን ያለ ቀሪው 15 በመቶ አይኖርም፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ጨው በፀሐይ ተኖ ሲመረት ሶዲየም ክሎራይዱ ቀድሞ ይረጋል፤ ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ በአብዛኛው መራራ በሆነው ቅሪት ውሃ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ያ ጨው ለወጥ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የባሕር ውሃ ሊሆን አይችልም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ በሚመጣ ሰው አስመጣ። 20 ኪሎ ጨው ከ500 ሊትር በላይ ውሃ ያዘጋጃል። በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ብትቀይር ለአንድ ዓመት ገደማ ይበቃሃል ማለት ነው። ከጅቡቲ የባሕሩን ውሃ ራሱን በጀሪካን ለማስመጣት የሚያስቡ አሉ። ከወደቡ አካባቢ የተቀዳ ውሃ ዘይትና ብረት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል እኔ አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእኛ አካባቢ አኔሞኒ እንዳይባዛ የሚያደርገው ትልቁ ችግር፣ እኔ እንዳየሁት፣ ትነት ነው። አየራችን ደረቅ ነው። ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላው። 200 ሊትር ውሃ በሊትር 35 ግራም ጨው ከያዘ በጠቅላላው 7 ኪሎ ጨው አለበት። ድሬዳዋ ውስጥ ቬንትሌተር በውሃው ላይ እየነፈሰ በቀን 4 ሊትር ቢተን፣ በሳምንት 28 ሊትር ይጎድላል። ያው 7 ኪሎ ጨው በ172 ሊትር ውስጥ ሲቀር ጨዋማነቱ ከ40 ግራም ያልፋል። ሐረር ውስጥ በቀን 2 ሊትር ብቻ ቢተን እንኳ በሳምንት ወደ 37.6 ግራም ይደርሳል። ከዚያ ባለቤቱ ቅዳሜ ዕለት የጎደለውን በአንድ ጊዜ ይሞላና ጨዋማነቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁልቁል ያወርደዋል። በየሳምንቱ ወደ ላይ፣ በየሳምንቱ ወደ ታች!

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ጨዋማነቱ በተፈጥሮው 40 ግራም ገደማ ነው፤ ይኸው ዝርያም እዚያ በደስታ ይኖራል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚመጣው ከቁጥሩ ከፍታ ሳይሆን ከመዋዠቁ ነው። የአኔሞኒ አካል በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ቆዳውም ስስ ነው፤ ከአካባቢው ውሃ የሚከላከለው ቅርፊት የለውም። በየሳምንቱ ራሱን ከአዲስ ውሃ ጋር ሲያላምድ የሚኖር እንስሳ ለማደግ የሚተርፈው ጉልበት የለም። ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ፣ ከተቻለም ጠዋትና ማታ፣ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ሙላ። መስታወቱ ላይ የውሃውን ልክ በቀለም አስምርበት። ተንሳፋፊ መዝጊያ ያለው ትንሽ ጀሪካን ከአኳሪየሙ ከፍ አድርገህ ብትሰቅል ያለ ኤሌክትሪክ ራሱ ይሞላልሃል። እኔ ከዘረጋኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ርካሽ ነገር ነው። ጨዋማነቱን ለመለካት ሪፍራክቶሜትር ግዛ፤ ተንሳፋፊዋ የፕላስቲክ መለኪያ ታሳስታለች።

የምትሞላው ውሃ ንጽሕናም ወሳኝ ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሐረር የሚደርሰው ውሃም ከፊሉ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። ስለዚህ በውሃው የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ተጠቀም፤ ወይም ማጣሪያው ካለው ሰው ግዛ። በቲዲኤስ ሜትር (በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳይ መለኪያ) ስትለካው ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አትቅዳ፤ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ለእነዚህ እንስሳት መርዝ ነው። መዳብም እንዲሁ። ለታመመ ዓሣ የሚሸጠው መዳብ ያለበት መድኃኒት አንድ ጠብታ እንኳ አኔሞኒው ባለበት ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሙቀቱን በተመለከተ የእኔና የአንተ ችግር የተለያየ ነው። ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የደረሰ ሰው ልዩነቱን በገላው ያውቀዋል። እኔ በግንቦትና በሰኔ ውሃው ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ እታገላለሁ፤ አንተ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ24 በታች እንዳይወርድ መጠበቅ አለብህ። ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ላይ ቢረጋ መልካም ነው። ማሞቂያህ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይኑረው። መብራት ሌሊት ከጠፋ አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍነው። ብርሃን ለአንድና ለሁለት ቀን ቢቋረጥ አኔሞኒ አይሞትም፤ የውሃው እንቅስቃሴ ከቆመ ግን ኦክስጅን ያልቃል፣ ቀድመው የሚጎዱትም ዓሦቹ ናቸው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ሁልጊዜ በእጅህ ትኑር።

ብርሃንና ምግብ ላይ አልቆይም። አኔሞኒ በገላው ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች ከብርሃን ስኳር እየሠሩ ይመግቡታል። ጠንካራ ነጭና ሰማያዊ ኤልኢዲ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃዋል። ገላው ነጣ ብሎ ካየኸው አልጌው ወጥቷል ማለት ነው፤ ያኔ ስለ ማባዛት ማሰቡን ተወው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከአፉ ስፋት ያነሰ የባሕር ዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቁራጭ ስጠው። ትልቅ ቁራጭ ውጦ በማግሥቱ ከተፋው ምግቡም ባከነ፣ ውሃውም ተበከለ። ከጅቡቲ የሚመጣው ዓሣ ጥሩ ነው፤ ምንም ሳይጨመርበት፣ ሳይቀመምበት።

ክላውን ዓሦችህን ግን ጠብቃቸው፤ ከአንተ የበለጠ አርቢዎች እነርሱ ናቸው። ምግብ እየጎተቱ ያመጡለታል፤ ከእነርሱ የሚወጣው አሞኒያ በአኔሞኒው ውስጥ ላሉት አልጌዎች ማዳበሪያ ነው፤ ሊበሉት የሚመጡ ዓሦችንም ያባርራሉ። በቀይ ባሕር የተደረጉ ጥናቶች ክላውን ዓሣ ያላቸው አኔሞኒዎች ከሌላቸው ይልቅ በደንብ እንደሚያድጉ አሳይተዋል።

እንግዲህ ስለ መከፈሉ። ባብል ቲፕ ራሱ ሲከፈል መጀመሪያ እግሩን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትታል። አፉ እንደ ስንጥቅ ይረዝማል፤ ከዚያ ገላው ከላይ እስከ ታች ይለያያል። አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በቀናት ያልቃል። ሁለቱ ግማሾች ተኮማትረው ይደበቃሉ፤ ቁስሉ ሲዘጋና አፋቸው ክብ ሲሆን ይወጣሉ። እስከዚያ ድረስ አትመግባቸው፤ በእጅህም አትነካካቸው። መከፈል በሁለት መንገድ ይመጣል፤ በጥጋብ ወይም በጭንቀት። አንዳንድ አርቢዎች ሆን ብለው በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ በመቀየር አኔሞኒውን ያስደነግጡታል። እንስሳው የሚከፈለው እሞታለሁ ብሎ ከሆነ ያ ማባዛት አይደለም። በእኔ ቤት ግማሾቹ ቶሎ የሚያገግሙት ውሃው ለወራት ሳይነካ ረግቶ፣ እናቲቱም ጠግባ ስትከፈል ነው፤ ይህንን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ምላጭስ? ሰዎች ይቆርጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል። አዲስ ምላጭ ይወስዳሉ፣ አኔሞኒውን በንጹሕ መስታወት ላይ አድርገው በአፉ መሐል በአንድ ምት ይቆርጡታል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ከአፉም ከእግሩም ድርሻ እንዲያገኝ። ከዚያ ብርቱ የውሃ ፍሰት ባለበት ያሳርፉታል፤ የሚወጣውን ልጋግ በየቀኑ ይስባሉ። ነገር ግን ይህን የሚያደርግ ሰው ሌላ ባዶ የረጋ አኳሪየም፣ ብዙ የተዘጋጀ ውሃና ከአንድ በላይ አኔሞኒ አለው። አንተ ያለህ አንድ ነው። አንዱ ግማሽ ከበሰበሰ በ200 ሊትር ውሃ ውስጥ አሞኒያው ዓሦቹንም ሌላውን ግማሽም ይዞ ይሄዳል። ካርፔት አኔሞኒ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን በፍጹም አትሞክሩት፤ ያ ዝርያ ተቆርጦ የሚድነው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ዓመት ሙሉ አለመከፈሉም በራሱ በሽታ አይደለም። አፉ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ፣ ክንዶቹ የሚያጣብቁ ከሆነ፣ እግሩም ድንጋዩን ከያዘ ጤነኛ ነው። እነዚህ እንስሳት ዕድሜያቸው ከእኛ ጥድፊያ ጋር አይሄድም። ስኮትላንድ ውስጥ በ1828 ከባሕር ዳርቻ የተነሣች አንዲት አኔሞኒ በመስታወት ዕቃ ውስጥ እስከ 1887 ኖራለች፤ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ስትተላለፍም በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ወልዳለች። ዝርያዋ ሌላ ነው፤ ልጆቿን በሆዷ ይዛ የምትተፋ ናት። ፓምፕም ኤልኢዲም አልነበራትም፤ የነበራት ሳይታክት ውሃዋን የሚቀይርላት ሰው ነው።

በእንቁላልና በዘር ማባዛትንም ጠይቀህ ነበር። ባብል ቲፕ ወንድና ሴት አለው፤ ሌሊት እንቁላልና ዘር ወደ ውሃ ይለቃል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች እጮቹን አሳድገዋል። ከአንድ እናት የተከፈሉት ሁሉ ግን ጾታቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ አንተ ቤት ሊሆን አይችልም።

እስከዚያው ሁለት ነገር አድርግ። የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ሸፍን፤ የተከፈለ አኔሞኒ ቦታ ፍለጋ ሲዞር ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል። በዙሪያው ደግሞ በእጅ የሚነሡ ትንንሽ ድንጋዮች ደርድርለት። ልጁ በአንዱ ላይ ካረፈ እግሩን ሳትቧጭር ከነድንጋዩ አንሥተህ ለሌላ ሰው መስጠት ትችላለህ።

አሁን የምፈልግብህ ይህ ነው፦ ለአንድ ሳምንት ጨዋማነቱንና ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ለካና እዚሁ ጻፍልን፤ አኔሞኒው ሲዘረጋ የተነሣ ፎቶም ጨምር። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ስለ ምግቡ መጠን እንነጋገራለን። ጨው እስኪመጣልህ ከቸገረህ ከእኔ ዘንድ የምትወስደው አለ።